ያንኪስ ለምን ይበዛል? ሮኪስስ ለምን ያንሳል?

ጥያቄው የመጣው ከአራት ኪሎ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ እኔና ጓደኞቼ ፒያሳ አካባቢ ባለ ጌም ቤት ቤዝቦል መጫወት ከጀመርን አንድ ዓመት ሆነን። ኤምኤልቢ ዘ ሾው ነው። ዳይመንድ ዳይናስቲ የሚባለውን፣ ካርድ እየሰበሰቡ ቡድን የሚሠሩበትን ነው የምንጫወተው። ሁሉም ቡድን ሲይዝ እኔ ኮሎራዶ ሮኪስን ያዝኩ። የሮኪስ ከተማ ዴንቨር እንደ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት ሲሉኝ ጊዜ ነው። አሁን ግን ተቃጥያለሁ። ካርድ ስናይ ያንኪስ፣ ዶጀርስ፣ ሬድ ሶክስ ነው። የእኔ ቡድን የለም ማለት ይቻላል። ካምፓኒው ያዳላል? እርስዎ የስታቲስቲክስ ሰው ስለሆኑ በቁጥር የሚታወቅበት መንገድ ካለ ይንገሩኝ።»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የቡድን ምርጫህን ላድንቅ። ሰው ቡድን የሚይዘው ዋንጫ አይቶ ነው፤ አንተ ከፍታ አይተህ ያዝክ። ዴንቨር 1,609 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአሜሪካኖቹ መለኪያ ልክ አንድ ማይል ስለሚሆን ይኮሩባታል። አራት ኪሎ ላይ ቆሞ ለሚያያት ግን ቆላ ናት፤ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። ለቀልድ ብቻ ያነሳሁት እንዳይመስልህ። ከፍታው ኋላ ላይ ጥያቄህ ውስጥ ራሱ ይገባል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ካርዶቹ በአሜሪካው ዋና የቤዝቦል ሊግ ባሉት 30 ቡድኖች መካከል እኩል አልተከፋፈሉም። ይህን ለማወቅ ስታቲስቲክስ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። «ያዳላል ወይ» የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አዳላ ለማለት፣ ባያዳላ ኖሮ ለማን ስንት ይደርስ እንደነበር መጀመሪያ ማወቅ አለብህ። ቀበሌ ስኳር ሲያድል ስምንት ነፍስ ያለበት ቤት፣ ሁለት ሰው ካለበት ቤት በላይ ወሰደ እንበል። በቤት ከሆነ የሚታደለው፣ አድልዎ ነው። በነፍስ ወከፍ ከሆነ ትክክል ነው። ይህን ሳይወስኑ የሚከራከሩ ጎረቤታሞች እስከ ማታ ይከራከራሉ። እናንተም ጌም ቤት ውስጥ የምትከራከሩት እንደዚያው ይመስለኛል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ላጣራ። ያየኸው ምንድን ነው? የጌም ቤት አካውንት የጋራ ነው። ካንተ በፊት ስንቱ ነክቶታል። ካርድ በጌሙ ማርኬት ይሸጣል፣ ይገዛል፤ ሲሸጥ አሥር በመቶ ይቆረጣል። ልጆቹ ስሙን የማያውቁት የሮኪስ ተጫዋች ሲወጣላቸው ቶሎ ይሸጡታል። ያንኪስ ሲወጣ ያስቀሩታል። ተጫዋቹን ስላወቁት አይደለም። ኮፍያውን ስላወቁት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ ስሄድ ኤን እና ዋይ የተቆላለፉበትን የያንኪስ ኮፍያ ያደረጉ ሰዎችን ቆጠርኩ። ዘጠኝ። የሮኪስ ኮፍያ ያደረገ አንድም የለም። ታክሲ ከሚጠብቁት መካከል አንዱን ወጣት «ያንኪስን ትደግፋለህ እንዴ?» አልኩት። «የኒውዮርክ ኮፍያ ነው ፋዘር፣ ምን አገናኘው» አለኝ። እንግዲህ ቤዝቦል አይቶ የማያውቅ ከተማ ውስጥ እንኳ የአንዱ ቡድን ምልክት ዓይን ለምዶታል። ዓይን የለመደውን ነገር ደግሞ ሰው ደጋግሞ የሚያየው ይመስለዋል። አሥር ካርድ አይተህ ሁለቱ ያንኪስ ከሆኑ ስድስት ያህል ሆነው ነው ትዝ የሚሉህ።

ስለዚህ መቆጠር ያለበት እናንተ እጅ የገባው አይደለም። ጌሙ ያወጣው ሙሉ ዝርዝር ነው። ማርኬቱ ውስጥ በቡድን፣ በደረጃና በዓይነት መለየት ይቻላል። ከዚያ ጀምር።

ስትጀምር ግን ሁሉንም ካርድ አንድ ላይ እንዳትደምር። እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚስተው። ጌሙ ውስጥ ያለው አንድ ክምር ካርድ አይደለም። ቢያንስ አራት ክምር አለ፤ እያንዳንዱም የየራሱ ሕግ አለው።

የመጀመሪያው ላይቭ ሲሪስ የሚባለው ነው፤ የዘንድሮ ተጫዋቾች። እዚህ በቁጥር አድልዎ ልታገኝ አትችልም፤ ሊጉ ራሱ እኩል አድርጎ ሰፍቶታልና። ከ2021 ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን ለጨዋታ የሚያስመዘግበው 26 ተጫዋች ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ፤ ጌሙም የሚጽፈው በዚያው ነው።) 26 በ30 ስታባዛ 780 ይመጣል። ያንኪስም 26፣ ሮኪስም 26። ጌሙ ተጎድተው የተቀመጡትንና ከታች የሚመጡትን ሲጨምር ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ዋናው እኩል ነው።

ልዩነቱ ያለው በደረጃ ነው፤ ደረጃው የሚወሰነው ካርዱ ባለው ነጥብ ነው። ከ65 በታች ኮመን፣ ከ65 እስከ 74 ብሮንዝ፣ ከ75 እስከ 79 ሲልቨር፣ ከ80 እስከ 84 ጎልድ፣ ከ85 ጀምሮ ዳይመንድ። ዶጀርስ ኦታኒን፣ ቤትስንና ፍሪማንን የሚባሉ ኮከቦችን በአንድ ማሊያ ይዟል። ሮኪስ ደግሞ በ2025 ከ162 ጨዋታ 119 ተሸንፏል። ካርዱ የሚለካው ሜዳ ላይ በታየው ነው፤ በውድድሩ መሀልም ነጥቡ ይታደሳል። 119 ጊዜ ለተሸነፈ ቡድን አምስት ዳይመንድ ቢሰጡት ነበር እኔ አድልዎ የምለው።

ፓክ (ካርድ በዕድል የሚወጣበት ጥቅል) ስትከፍት ደግሞ የሚታተመው ዕድል በደረጃ ነው፤ በቡድን አይደለም። ኮመንና ብሮንዝ ሲወጣ ማንም አያይም፤ ቀጥታ ይሸጣል። ዳይመንድ ሲወጣ ቤቱ ይጮሃል። የምታስታውሱት የጮሃችሁበትን ነው። የሮኪስ ካርዶች እኮ ወጥተዋል። ሳትጮሁ አለፏችሁ።

በነገራችን ላይ ይህ የደረጃ ልዩነት ሥሩ ገንዘብ ነው። በአሜሪካ ቅርጫት ኳስና በአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ለደመወዝ የሚያወጣው ገንዘብ ጣሪያ አለው። ቤዝቦል ጣሪያ የለውም። ከተወሰነ መጠን በላይ ያወጣ ቅጣት ቢጤ ግብር ይከፍላል፣ አለቀ። ኦታኒ ከዶጀርስ ጋር የፈረመው ለ10 ዓመት 700 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሁዋን ሶቶ ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር ለ15 ዓመት 765 ሚሊዮን። ዳይመንዱ ካርድ ላይ ከመታየቱ በፊት ባንክ ውስጥ ታይቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ክምር የኦል ስታር ካርዶች ናቸው። እነዚህ መነሻቸው በየዓመቱ በሐምሌ አካባቢ የሚደረገው የኮከቦች ጨዋታ ነው። ሊጉ አንድ ደንብ አለው፤ ከእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ አንድ ተጫዋች መመረጥ አለበት። ከየቀበሌው አንድ ተወካይ እንደማለት ነው። ችሎታ ብቻ ቢታይ የማይገቡ ቡድኖች በዚህ ደንብ ይገባሉ። ቺካጎ ዋይት ሶክስ በ2024 121 ጊዜ ተሸነፈ፤ በዘመናዊው ቤዝቦል ያን ያህል የተሸነፈ የለም። ያም ሆኖ ጋሬት ክሮሼ የሚባለውን ወርዋሪ ልኳል። ያንተው ሮኪስ በ2025 ሀንተር ጉድማንን ላከ። ስለዚህ እዚህ ክምር ውስጥ ለሮኪስ የተያዘ አንድ ወንበር አለ። ሌላው እስከ አምስትና ስድስት ሊያደርስ ይችላል፤ እሱን አትከራከርበት።

ሦስተኛው ቲም አፊኒቲ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ይህ ቁርጥ ዕቁብ ነው። ሠላሳው አባል ተራ በተራ ይደርሰዋል፤ ሀብታም ድሃ አይባልም። ለያንዳንዱ ቡድን የራሱ መንገድ ይከፈታል፣ ተጫውተህ ነጥብ ስታጠራቅም የዚያን ቡድን ጠንካራ ካርድ ትወስዳለህ። የጌሙ ሠሪዎች እኩል ማድረግ በፈለጉበት ቦታ እኩል እንደሚያደርጉ የሚያሳየውም ይኸው ነው። የሮኪስ ደጋፊ ሆነህ ገንዘብ ሳታወጣ ደህና ቡድን መሥራት ከፈለግህ ጊዜህን የምታጠፋበት ቦታ እዚህ ነው። ይህን እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ ታላቅ ወንድም ቁጠረው።

አራተኛው የሌጀንድ ካርዶች ናቸው፤ የድሮ ታላላቆች። ያቃጠለህም በአብዛኛው ይህ ክምር ይመስለኛል። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ሌጀንድ ካርድ ርስት ነው። የሚመጣው ከአያት ነው። ዋናው ሊግ ከ1901 እስከ 1960 የነበሩት 16 ቡድኖች ብቻ ናቸው። በ1961 ሁለት ተጨመሩ። በ1962 ሁለት። በ1969 አራት። በ1977 ሁለት። በ1993 ሁለት፤ አንዱ ሮኪስ ነው። በ1998 የመጨረሻዎቹ ሁለት ገቡና 30 ሞላ። ሮኪስ ሲወለድ ያንኪስ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ነበር።

አሁን ወረቀት አምጣ። እያንዳንዱ ቡድን እስከ 2025 ድረስ ስንት ዓመት ተጫውቷል ብለህ ደምር። 16ቱ ነባሮች 125 ዓመት፤ 2,000 ይሆናል። የ1961ዎቹ 65 ዓመት፣ የ1962ዎቹ 64፣ የ1969ዎቹ 57፣ የ1977ዎቹ 49፣ የ1993ዎቹ 33፣ የ1998ዎቹ 28። ሁሉንም በቡድናቸው ብዛት አባዝተህ ስትደምር 2,706 የቡድን ዓመት ታገኛለህ። (ያንኪስ በኒውዮርክ የጀመረው በ1903 ነው፣ ከዚያ በፊት ቦታው የባልቲሞር ነበር። ሁለት ዓመት ነገሩን አይለውጠውም።) ነባር ቡድን ከዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ 4.6 በመቶ ነው። የሮኪስ 1.2 በመቶ።

300 ሌጀንድ ካርድ አለ እንበል፤ ለስሌት ያህል ነው። ማንም ለማንም ሳያዳላ፣ ካርዱ በኖሩበት ዕድሜ ልክ ቢከፋፈል፣ ለነባር ቡድን 14 ገደማ ይደርሰዋል። ለሮኪስ 4 ገደማ። ልብ በል፤ ገና ማን ጎበዝ ነበር አላልንም። ዕድሜ ብቻ ነው ያየነው። አራት እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት እዚያው መጣ።

አንዱ ተነስቶ «የለም፣ ታላቅነት በዋንጫ ነው» ሊል ይችላል። እሺ። እስከ 2025 የዓለም ሻምፒዮና የሚባለው ፍጻሜ 121 ጊዜ ተደርጓል። ያንኪስ 27ቱን ወስዷል። 22 በመቶ ነው። በዋንጫ ብትከፍለው ከ300ው 67 ካርድ የያንኪስ ነው። የሮኪስ ስንት? ዜሮ። ፍጻሜ የደረሰው አንድ ጊዜ በ2007 ነው፣ እሱንም ሬድ ሶክስ 4 ለ 0 አስጨርሶታል። ሲያትል ማሪነርስ እስከ 2025 ፍጻሜ እንኳ ደርሶ አያውቅም፤ ግን ኬን ግሪፊ ጁኒየርና ኢቺሮ ከሱ ነው የወጡት። በዋንጫ ከፍለህ ግሪፊን ከጌሙ ልታወጣው ነው?

እንግዲህ ተመልከት። ለያንኪስ ተገቢው ድርሻ በቡድን እኩል ከሆነ 10 ነው። በዕድሜ ከሆነ 14። በዋንጫ ከሆነ 67። ለሮኪስ በቅደም ተከተል 10፣ 4፣ 0። ሦስቱም «ፍትሃዊ ነው» ተብሎ ሊከራከሩላቸው የሚቻሉ መለኪያዎች ናቸው። አንተ ስትቃጠል በልብህ የያዝከው 10ን ነው። የያንኪስ ደጋፊ ጓደኛህ በልቡ የያዘው 67ን ነው። ሁለታችሁም አንድ ስክሪን እያያችሁ «ተበድያለሁ» ትላላችሁ።

ወደኛ አምጣው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ሌጀንድ ካርድ ብንሠራ፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስና አምና ከታች ሊግ ላደገ ክለብ እኩል አሥር አሥር ካርድ እንሰጣለን? ብንሰጥ ለአዲሱ ክለብ አሥር ሰው ከየት እናመጣለን? መንግሥቱ ወርቁን ከጊዮርጊስ ቀንሰን ለሌላ አንሰጠውም። ስታዲየም አካባቢ ቡና ይዘው የሚቀመጡ አባቶች ይህን ቢሰሙ ስኒውን ያስቀምጡታል። የቡና ደጋፊ ከሆንክ አሁን ሌላ ጠብ አስነሳሁ፤ እለፈኝ።

እኔ የትኛውን መለኪያ እመርጣለሁ? ዕድሜን ነው። ለሌጀንድ ክምር መነሻ የሚሆነው እሱ ይመስለኛል። ዋንጫ አንዱን ሰው ሳይሆን ቡድኑን ነው የሚሸልመው። እኩል ማካፈል ደግሞ ታሪክ የሌለውን ታሪክ እንዲፈጥር ማስገደድ ነው።

መነሻው ከተያዘ ቀጥሎ የሚመጣው ዕድል ነው። በእኩል መንገድ የተዘራ ጤፍም እዚህ ይጠጥራል፣ እዚያ ይሳሳል። ለሮኪስ የጠበቅነው 4 ገደማ ነው ብለናል። በአጋጣሚ ብቻ ከ1 እስከ 7 ሊወዛወዝ ይችላል። 1 ብቻ ብታገኝ ማስረጃ አይሆንህም። ጭራሽ ዜሮ ከሆነ ልጠራጠር እችላለሁ፤ በዕድል ብቻ ያ የሚሆነው ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው። ለያንኪስ የጠበቅነው 14 ነው፤ ከ7 እስከ 21 ያለው የተለመደ መወዛወዝ ነው። 30 ካገኘህ ግን ዕድል አይደለም፤ ሌላ ምክንያት ፈልግ። ምክንያቱ የዋንጫው ብዛት ሊሆን ይችላል፣ የገበያ ስሌትም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ብቻውን የትኛው እንደሆነ አይነግርህም። የስታቲስቲክስ ሰው ነኝ ብዬ ከዚህ በላይ ብናገር ዋሸሁህ።

ጠቅላላውን ክምር በአንድ ቁጥር መለካት ከፈለግህ የምወደው ዘዴ አለ። የእያንዳንዱን ቡድን ድርሻ በራሱ አባዛው። ሠላሳውንም ደምር። ከዚያ አንድን ለድምሩ አካፍል። የሚመጣው «ክምሩ የስንት እኩል ቡድኖች ያህል ነው» የሚለውን ይነግርሃል። ሁሉም እኩል ከሆነ 30 ይመጣል። ሦስት ቡድኖች አሥር አሥር በመቶ ቢይዙና ቀሪው 70 በመቶ ለ27ቱ እኩል ቢከፈል፣ 21 ገደማ ይመጣል። ዘጠኝ ቡድን የጠፋ ያህል ነው። ግን ቅድም በዕድሜ ብቻ ያወጣነውን ክፍፍል በዚሁ ዘዴ ብትለካው 25 ገደማ ነው የሚመጣው። ታሪኩ ራሱ ከ30 ወደ 25 አውርዶታል። ካምፓኒውን ልትጠይቅበት የምትችለው ከ25 በታች ያለውን ብቻ ነው።

አሁን ቆጠራው ላይ የሚያሳስቱህን ነገሮች ልንገርህ፤ ከስሌቱ ይልቅ እነዚህ ናቸው ሥራውን የሚያበላሹት።

ሰው አንድ ነው፣ ማሊያው ብዙ ነው። ኖላን ራያን ለሜትስ፣ ለኤንጀልስ፣ ለአስትሮስና ለሬንጀርስ ወርውሯል። የማን ነው? ካርዱ ላይ ያለው ማሊያ የአንዱ ነው፤ ሦስቱ ደጋፊ ይናደዳል። የድሮ ተጫዋች ቡድኑ ካልሸጠው በቀር እዚያው ነበር የሚያረጀው። በ1975 መጨረሻ የተሰጠው የግልግል ውሳኔ ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ በነፃነት እንዲሄድ በር ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ዝውውሩ በዛ። ስለዚህ የዘመኑን ተጫዋች ለአንድ ቡድን መመደብ ከድሮው ይከብዳል።

ያንተው ቡድን ላሪ ዎከር የሚባል ታላቅ ተጫዋች አለው። የጀመረው በሞንትሪያል ኤክስፖስ ነው፣ የጨረሰው በሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ። መሀሉን ሮኪስ ነበር። ጌሙ የኤክስፖስ ማሊያ ቢያለብሰው ካርዱ ላንተ አይቆጠርም። ነገሩን የባሰ የሚያወሳስበው፣ ኤክስፖስ በ2005 ወደ ዋሽንግተን ሄዶ ናሽናልስ ሆኗል። እንዲህ የተዛወሩ ቡድኖች ብዙ ናቸው። ዶጀርስ እስከ 1957 የብሩክሊን ነበር። ባልቲሞር ኦሪዮልስ እስከ 1953 የሴንት ሉዊስ ነበር። የአያቱ ካርድ ወደ ልጁ ቤት ይግባ አይግባ መጀመሪያ ወስን፣ ከዚያ አትቀያይር።

ከ30ዎቹ ውስጥ የማይገቡ ቡድኖችም አሉ። ጌሙ በ2023 እትሙ የኔግሮ ሊግን ታሪክ አስገብቷል፤ ጥቁሮች ከዋናው ሊግ ተከልክለው በራሳቸው ሊግ በተጫወቱበት ዘመን የነበሩትን ማለት ነው። የካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ማሊያ የለበሰውን ሳቸል ፔጅን የት ታስገባዋለህ? በኋላ በ1948 ለክሊቭላንድም ተጫውቷል። እኔ ብሆን ለብቻው ዓምድ እሰጠዋለሁ። ወደ አሁኑ ቡድን መጎተት ያልተቀበሉትን ሰው በኋላ «የኛ ነው» እንደማለት ይሆናል።

አንድ ሰው አምስት ዓይነት ካርድ ሊኖረውም ይችላል፤ የወጣትነቱ፣ የዋንጫ ዓመቱ፣ የኮከቦች ጨዋታው። ካርድ ከቆጠርክ አንዱ ሰው አምስት ሆኖ ይገባል። ሰውም ቁጠር፣ ካርድም ቁጠር፤ በሁለት ዓምድ። ልዩነታቸው ራሱ ብዙ ይናገራል።

የፈቃድም ጉዳይ አለ። በሥራ ላይ ያሉትን ተጫዋቾች በስማቸው ለመጠቀም ከተጫዋቾች ማህበር የጋራ ፈቃድ ይገዛል። ጡረታ የወጣው ግን በተናጠል መስማማት አለበት። የሳን ፍራንሲስኮው ባሪ ቦንድስ በ2003 ከጋራ ፈቃዱ ወጣ። ከዚያ በኋላ በወጣው ኤምቪፒ ቤዝቦል 2005 በሚባለው ሌላ ጌም፣ በሱ ቦታ ጆን ዳውድ የሚባል የሌለ ሰው ቆሞ ኳስ ይመታ ነበር። ሰዉ ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ስሙ ግን ቦንድስ አይደለም። እንዲህ ሲሆን የጃይንትስ ካርድ ቢጎድል ጥፋቱ የካምፓኒው ነው ማለት አይቻልም። ውል ነው ያጎደለው።

አሁን ወደ ከፍታው ልመለስ፤ ቃል ገብቼ ነበር። ዴንቨር ላይ አየሩ ስስ ነው። የተመታች ኳስ ርቃ ትሄዳለች፤ ተጠማዛ የምትወረወረው ደግሞ እንደ ባሕር ጠረፍ ከተሞች አትጠማዘዝም። መቺው ይደሰታል፣ ወርዋሪው ያለቅሳል። በ2002 ኳሶቹን እርጥበት ባለው ክፍል ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ረድቷል፣ ግን ተራራውን አላወረደውም። የዚህ ውጤት ምን መሰለህ? የሮኪስ ወርዋሪ ቁጥሩ ይበላሽበታል። የሮኪስ መቺ ቁጥሩ ያምራል፣ ግን ማንም አያምነውም፤ «አየሩ ነው የመታለት» ይሉታል። ዎከር የቤዝቦል ታላላቆች በምርጫ የሚገቡበት የዝና አዳራሽ የገባው በአሥረኛውና በመጨረሻው የምርጫ ዓመቱ በ2020 ነው። ቶድ ሄልተን 17 ዓመት ሙሉ ለሮኪስ ብቻ ተጫውቶ፣ በስድስተኛ ሙከራው በ2024 ገባ። ሁለቱም ላይ ሲነሳ የነበረው ይኸው የሜዳው ነገር ነው።

ስለዚህ ሮኪስ ላይ የደረሰ በደል አለ ከተባለ፣ እኔ የማየው እዚህ ነው። ከጌሙ ቀድሞ የመጣ ነው። ዝናን የሚሰጡት መራጮች ከፍታውን ቀነሱበት፤ ጌሙ ደግሞ ሌጀንድ ሲመርጥ ዝናን ይከተላል። የኛ ሯጮች በከፍታ ስላደጉ «ሳንባቸው ነው እንጂ» ሲባሉ የሚሰማህን አስበው። ልፋቱን ትቶ አየሩን ማመስገን ማለት ነው።

ስትቆጥር እንዲህ አድርግ። አንድ ደብተር ያዝ። ማርኬቱን ክፈት፣ ላይቭ ሲሪሱን ለብቻ፣ ኦል ስታሩን ለብቻ፣ አፊኒቲውን ለብቻ፣ ሌጀንዱን ለብቻ። አራት ገጽ ይሆናል። በየገጹ ሠላሳ ረድፍ። ላይቭ ሲሪሱ ላይ ዳይመንዱን ብቻ ቁጠር፤ የቀረው እኩል ስለሆነ ጊዜህን አትፍጅ። ዝርዝሩ በየጊዜው ስለሚጨመር ቀኑን ጻፍ። ሁለት ጓደኛሞች ሆናችሁ ቁጠሩ፤ አንዱ ያንኪስ ደጋፊ ቢሆን ይመረጣል፣ ይቆጣጠርሃል። መብራት ሲሄድ ደግሞ የት ላይ እንደደረስክ ምልክት አድርግ፤ ይህን እንኳ አንተም ታውቀዋለህ።

ሌጀንዱ ገጽ ላይ ያለውን የመጀመሪያ ዓምድ «ቡድን» አትበለው። «ካርዱ ላይ ያለው ማሊያ» በለው። ከጎኑ «የተጫወተባቸው ሌሎች» የሚል ዓምድ ጨምር። ዎከርን ስታገኘው የትኛውን ማሊያ እንደለበሰ ጻፍልኝ። ሮኪስ ካልሆነ እኔም አብሬህ እቃጠላለሁ።